ስሙን የደበቀው ኮሜዲያን

በ1968 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዴቪድ ፍሮስት ለንደን ውስጥ ለሚመራው የእሑድ ምሽት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አንድ የማይታወቅ ሰው አጫጭር ጭውውቶች መላክ ጀመረ። ስሙ ጄራልድ ዋይሊ ነው። ጽሑፉ የሚደርሰው በተዋናዩ በሮኒ ባርከር ወኪል በኩል ነበር፤ ወኪሉም ሰውየው ዓይን አፋር ስለሆነ ከማንም ጋር መገናኘት አይፈልግም ይል ነበር። ጭውውቶቹ ጥሩ ስለነበሩ ተቀባይነት አገኙ፤ ተዋንያኑም ተጫወቷቸው። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ተነሳ። ይህ ዋይሊ የሚሉት ማን ነው? አንዱ ተውኔት ደራሲው ቶም ስቶፓርድ ነው ሲል ሌላው የለም፣ እንዲህ የሚጽፈው ኖኤል ካወርድ ብቻ ነው ይላል። ባርከርም ከሌሎቹ እኩል ሲገምትና ሲከራከር ከረመ። አንዳንዴም በልምምድ ላይ የዋይሊን ጽሑፍ አንስቶ «ይቺ እንኳ አልገባችኝም» ይል ነበር።

የሥራ ባልደረባው ሮኒ ኮርቤት ከዋይሊ ጭውውቶች አንዷን በጣም ስለወደዳት የራሱ ሊያደርጋት ፈለገ። በወኪሉ በኩል የተጠራበት ዋጋ 3,000 ፓውንድ ነበር። ባርከር ይህን ሲሰማ «በጣም በዛ፣ እንዳትከፍል» ብሎ መከረው። ጥቂት ቆይቶ ዋይሊ ጭውውቷን በነፃ ሰጠው። ኮርቤትም ውለታውን ለመመለስ የዋይሊ ስም መነሻ ፊደላት የተቀረጹባቸው የክሪስታል ብርጭቆዎች ገዝቶ ላከለት። የዚያ ዙር ቀረጻ ሲያበቃ ዋይሊ መላውን ቡድን ከስቱዲዮው ማዶ ባለ የቻይና ምግብ ቤት ራት ጋበዘ። ሁሉም የእንግዳውን መምጣት ሲጠባበቅ ባርከር ብድግ ብሎ ጄራልድ ዋይሊ እኔ ነኝ አለ። መጀመሪያ ላይ ያመነው አልነበረም።

ከሮኒ ባርከር ሥራዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። የተቀረጸ ፊልም የለውም፤ ያዩት በዚያ ማዕድ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። በዚያ ፕሮግራም ላይ ባርከር ዋና ተዋናይ ነበር። የዋና ተዋናይን ጽሑፍ ማን ደፍሮ ይጥላል? ደካማ ቢሆን እንኳ ለፊቱ ሲባል ይሣቅለታል፣ ለስሙ ሲባል ይቀረጻል። እሱ ግን ጽሑፉ ራቁቱን ቆሞ እንዲፈረድበት ፈለገ። የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎቻችንን ከሣሉት ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸውን አላኖሩልንም። እነርሱ ስማቸውን የተዉት ሥራው የእግዚአብሔር ነው ብለው ነው፤ ባርከር የተወው ሥራው በእውነት የሚያስቅ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው። ሁለቱንም አከብራለሁ። የሁለተኛው ግን የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መልሱ «አያስቅም» ሊሆን ይችል ነበር።

ባርከር የተወለደው ሴፕቴምበር 25 ቀን 1929 ቤድፎርድ ከተማ ሲሆን ያደገው ኦክስፎርድ ነው። አባቱ የሼል ነዳጅ ኩባንያ ጸሐፊ ነበሩ። ልጁ የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ጀምሮ ተወው፤ ባንክም ተቀጥሮ ሠራ። ማታ ማታ ግን ከአማተር ተዋንያን ጋር መድረክ ላይ ያመሽ ነበርና በ1948 ባንኩን ተሰናብቶ ኤይልስበሪ ውስጥ በደሞዝ ተዋናይነት ጀመረ። በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት የሚያወጡ የክፍለ ሀገር ቡድኖች ነበሩ፤ ሽማግሌም ወታደርም አሽከርም እየሆነ መልክ መለዋወጥን የተማረው እዚያ ነው። በ1955 ዳይሬክተሩ ፒተር ሆል ወደ ለንደን አመጣው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ይህን የማነሣው በኋላ በፍሮስት ዙሪያ የሚያገኛቸው ሰዎች፣ ጆን ክሊስን የመሰሉት፣ ከካምብሪጅ የወጡ ስለነበሩ ነው። ባርከርና ኮርቤት ከእነርሱ መሀል ተለይተው የተቀራረቡትም በዚህ የተነሣ እንደነበር ኮርቤት ይናገር ነበር። ከዚያ በፊት የተዋወቁት ተዋንያን በሚያዘወትሩት አንድ የለንደን ክበብ ውስጥ ነው፤ ኮርቤት ሥራ ሲፈታ እዚያ መጠጥ ይቀዳ ነበር።

እኔ ለንደን የገባሁት በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ሰሜን ለንደን ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተን አምስት ሐበሾች አብረን እንኖር ነበር። ቴሌቪዥኑ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የተገዛ ነው። መብራቱ የሚሠራው ግድግዳው ላይ ወዳለው ቆጣሪ የ50 ፔንስ ሳንቲም ሲጎርስ ብቻ ስለነበር ቅዳሜ ማታ ሳንቲም ማዋጣት ግዴታ ነበር። አንዴ ባርከርና ኮርቤት ዜና አንባቢ መስለው ተቀምጠው አንዱ ዐረፍተ ነገሩን ሊጨርስ ሲል መብራቱ ጠፋ። ያ ዐረፍተ ነገር በምን እንደሚያልቅ ስንከራከር አመሸን፤ እያንዳንዳችን በየራሳችን እንግሊዝኛ አንድ አንድ መጨረሻ ፈጠርንለት። ቀልድ መጻፍን የጀመርኩት ያን ማታ ነው ብል አልዋሸሁም።

ፕሮግራሙ «ዘ ቱ ሮኒስ» ይባላል። በቢቢሲ ከ1971 እስከ 1987 ቆይቷል። አመጣጡ ራሱ ታሪክ አለው። በአንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ መሣሪያ ተበላሽቶ ዝግጅቱ ሲቋረጥ ሁለቱ ሮኒዎች ታዳሚውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያቆዩ መድረክ ላይ ተተዉ። አዳራሹን በሣቅ አፈረሱት። ከታዳሚው መካከል የነበሩት የቢቢሲ ኃላፊዎች ወዲያው ቀጠሯቸው። የሚገርመው ባርከር እንደ ራሱ ሆኖ ለሕዝብ መናገር የማይችል ሰው መሆኑ ነው። ጢም ለጥፎ፣ ካባ ደርቦ፣ የሚኒስትር ቃል አቀባይ ወይም የመንደር ቄስ ሆኖ ሲመጣ ግን የሚያቆመው የለም። በዚያ ፕሮግራም ላይ ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ በራሱ ስም ወግ የሚያወጋው ሁልጊዜ ኮርቤት ነበር። ባርከር ያንን ቦታ ጠይቆም አያውቅ።

ከዚያ በፊት በ1966 ከክሊስ ጋር የሠሩት የመደብ ጭውውት አለ፤ ደራሲዎቹ ማርቲ ፌልድማንና ጆን ሎው ናቸው። ሦስት ሰዎች በቁመታቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ረጅሙ ክሊስ ባርኔጣ ያደረገ ባላባት ነው፣ መካከለኛው ባርከር ነው፣ ከ155 ሴንቲ ሜትር የማያልፈው ኮርቤት ኮፍያ ያደረገ ላብ አደር ነው። ባርከር ወደ ላይ ቀና ብሎ ይህን አከብራለሁ ይላል፣ ወደ ታች ዞሮ ደግሞ ይህን እንቃለሁ። ኮርቤት ቦታዬን አውቃለሁ ይላል። እኛ ቤት በድጋሚ ሲታይ አንዱ ጓደኛችን ተነስቶ ከኮርቤት ቀጥሎ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ፤ ከዚያም በርከክ አለ። ያኔ ሌሊት ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ ልጅ ነበር። እንግሊዞች ስለ ራሳቸው የጻፉት ነገር እኛን እንዳላየን ያየሁት በዚያ ቅጽበት ነው፣ ሆኖም ክፍተቱን ለመሙላት አንድ ሰው ቆሞ መንበርከክ ብቻ በቂ ሆነ። ጥሩ ጭውውት እንዲህ ለሌላ ሰው ቦታ ይተዋል።

ስለ አጻጻፉ ካነሣሁ «ፎር ካንድልስ» ተብሎ የሚታወቀውን ማለፍ አልችልም። ሴፕቴምበር 1976 የታየ ነው፤ ደራሲው ጄራልድ ዋይሊ ነው። ኮርቤት የቤትና የግብርና መሣሪያ መደብር ውስጥ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል። ባርከር የሥራ ልብስ የለበሰ ገበሬ መሳይ ሆኖ የሚገዛውን ጽፎ ይዞ ይገባል። የሚጠይቀው የመንሽ እጀታ ነው፤ ኮርቤት የሚያመጣለት አራት ሻማ። በእንግሊዝኛው ሁለቱ ለጆሮ አንድ ናቸው። ሐሳቡ የመጣው በእውነት ከደረሰ ነገር ነው፤ መደብር ያላቸው ሰዎች ደንበኛና ሻጭ ሲደነቋቆሩ ያዩትን ጽፈው ልከውለታል።

ግን የቃል ጨዋታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም በዚህ ያህል ዓመት አያስታውሰውም ነበር። ጥበቡ ያለው በድካሙ ላይ ነው። ባርከር አንዲት ድምፅ ይናገራል፤ ኮርቤት ሄዶ ዶማ ያመጣል። አይደለም። የውሃ ጎማ ያመጣል። አይደለም። የሴት ስቶኪንግ ያመጣል። ይህም አይደለም፤ ሰውየው የፈለገው በአጥሩ በር ላይ የሚለጠፍ ፊደል ነው። ኮርቤት የፊደሉን ሣጥን አውጥቶ፣ ሁለት ፊደል ሰጥቶ፣ ሣጥኑን ወደ ቦታው መልሶ፣ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ ሰውየው ሌላ ፊደል የሚመስል ነገር ይጠይቃል። ሣጥኑ እንደገና ይወርዳል። አሁን ደግሞ የፈለገው የቆርቆሮ አተር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባርከር አንዴም ፈገግ አይልም፣ አንዴም አይቸኩልም፤ የሚያስቀይም ነገር እየሠራ መሆኑን የማያውቅ ቅን ሰው ነው። ሣቁ የሚመጣው ከኮርቤት ትዕግሥት ማለቅ ነው። ደራሲው ለራሱ የሰጠው የማይናደደውን ሰው ነው፤ የሚያስጨበጭበውን ክፍል ለጓደኛው ትቶለታል። ዋይሊ በዚህ ይታወቃል።

በገዛ እጁ የጻፈው የዚያ ጭውውት ወረቀት በ2007 በጨረታ 48,500 ፓውንድ ተሽጧል።

የዋይሊን ታሪክ ያነበብኩት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ለእንቁጣጣሽ በዓል አዳራሽ ተከራይተን ጭውውት የምናቀርብ ጥቂት ልጆች ነበርን። እስቲ እኛም ስም ሳይጻፍ እናንብብ አልኩ። ችግሩ ያኔ አማርኛ የምንጽፈው በእጅ መሆኑ ነው፤ የሰው እጅ ጽሕፈት ደግሞ ከፊርማው አይተናነስም፣ ወረቀቱን ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ጽሕፈቷ የሚያምር አንዲት እህታችን ሁሉንም በሷ እጅ ገልብጣ አመጣች። አንዱ እየቆመ አነበበ፣ ሌሎቻችን ሰማን።

ያልጠበቅነው ጸጥታ ወረደ። ከዚያ በፊት ስንስቅ የኖርነው ለሰው ኖሯል፤ ለዕድሜው፣ ለትምህርቱ፣ ቀድሞ ለዋለልን ውለታ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ቀልዶ ዝም ማለት ነውር ነው። ስሙ ሲነሣ ይሉኝታውም አብሮ ተነሣ፣ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር። ከዘጠኝ ጽሑፍ ሁለቱ ብቻ አሣቁን፤ እነዚያን ሁለቱን አቀረብን፣ አዳራሹም ሣቀ። ዛሬም ቀልድ መጻፍ የሚጀምር ወጣት ምክር ቢጠይቀኝ ሌላ የምለው የለኝም፤ ጽሑፍህን ሌላ ሰው ሌላ ስም ሰጥቶ ያንብብልህ።

ባርከር የሌሎችን ጽሑፍም በእኩል ክብር ይጫወት ነበር። በ1980 የቀረበው፣ ዴቪድ ሬንዊክ የጻፈው የጥያቄና መልስ ውድድር ጭውውት ወደ አማርኛ ቢመለስ አንዲት ሣቅ አይጎድልበትም። ባርከር ጠያቂ ነው፣ ኮርቤት ተወዳዳሪ። ኮርቤት የመረጠው የውድድር ዘርፍ አሁን የተጠየቀውን ትቶ ከዚያ በፊት የተጠየቀውን መመለስ ነው። ስለ አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪና ስለ አንድ ፖለቲከኛ ይጠየቃል። ቀጥሎ ስለ ሁለት ዓይነት አህዮች ልዩነት ሲጠየቅ፣ አንዱ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነው ሌላው የካቢኔ አባል ብሎ ይመልሳል። ባርከርም ፊቱን ሳይለውጥ ትክክል ነው ይለዋል። ያንን «ትክክል ነው» ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁ ላይ ሣቅ ፈልጌ አላገኘሁም።

በ1987 መጨረሻ በ58 ዓመቱ አቆመ። ሐሳቤ እየነጠፈ ነው አለ፤ ጤናውም አሳስቦት ነበር። ውሳኔውን ለኮርቤት ቀደም ብሎ ነግሮት ስለነበር ኮርቤት ምስጢሩን ይዞ አብሮት ሠራ። የገናው ዝግጅት የመጨረሻ መሆኑን እኛ ተመልካቾች አላወቅንም። ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ቺፒንግ ኖርተን በምትባል ትንሽ ከተማ የጥንታዊ ዕቃ መደብር ከፍቶ ለአሥር ዓመት ያህል አሻሻጭ ሆኖ ኖረ። መደብሩ አላተረፈም ይባላል። ብዙዎች እንዲመለስ ለመኑት፤ እሱ ግን ለረጅም ጊዜ እምቢ አለ። አንድ ሰው ገና ሕዝብ እየፈለገው «በቃኝ» ሲል በዓለም ዙሪያ ያሉ አርቲስቶች ሊያጠኑት ይገባል እላለሁ፤ የእኛዎቹም ጭምር፣ ከድካም ጋር መድረክ ላይ የሚታገሉ ታላላቆቻችንን አይቼ አዝኜ አውቃለሁና። ኋላ በ2002 ስለ ቸርችል በተሠራ ፊልም ላይ የቤት አሽከሩ ሆኖ ጥቂት ቃላት ተናግሮ ተመለሰ፤ በ2005ም ከኮርቤት ጋር የድሮ ጭውውቶቻቸውን ለማስተዋወቅ ከዜና አንባቢው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን በልብ ድካም አረፈ። ዕድሜው 76 ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዌስትሚኒስተር አቢ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው በተገኘበት መታሰቢያው ላይ ከመስቀሉ ጋር እንደ ልማዱ ሁለት ሻማ መያዝ ሲገባ አራት ያዙለት።

እስካሁን ያላነሣሁት «ፖሪጅ» የተባለውን የባርከር ተከታታይ ኮሜዲ ነው። ለመጨረሻ ያቆየሁት ከአንድ ሰው ስለማልለየው ነው። በቤታችን ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። በደርግ ጊዜ ከርቸሌ ታስረው ነበር። ስንት ዓመት እንደቆዩ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ጭውውት ሲታይ ቡናቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ይገቡ ነበር። አንድ ማታ ግን ከ1974 እስከ 1977 የተሠራው ያ የእስር ቤት ኮሜዲ በድጋሚ ሲታይ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ባርከር ፍሌቸር የተባለ፣ አምስት ዓመት የተፈረደበት ልምድ ያለው ሌባ ነው። መግቢያው ላይ የብረት በሮች እየተዘጉ ዳኛው ፍርዱን ሲያነብ ይሰማል፤ ያም የባርከር የራሱ ድምፅ ነው፣ ፈራጁም ተፈራጁም እሱ ነው። ደራሲዎቹ ዲክ ክሌመንትና ኢያን ላ ፍሬኔ ናቸው፤ እስር ቤት ጎብኝተው፣ ታስሮ የወጣ ሰው አማክረው ነው የጻፉት። ፍሌቸር ለማምለጥ አይሞክርም፣ ጀግና አይደለም። ከጠባቂው ላይ አንዲት ቆርቆሮ ምግብ፣ አንዲት ደቂቃ ዕረፍት፣ አንዲት የመጨረሻ ቃል ካገኘ ቀኑ የእሱ ነው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣

«ይኼ ሰውዬ ታስሮ ያውቃል እንዴ?» አሉ።

«የለም ጋሼ፣ ተዋናይ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አቀማመጡን እየው። አልጋ ላይ ሲቀመጥ ጀርባውን ለበሩ አይሰጥም።»

ያን ማታ የታየው ክፍል አብዛኛው አንድ ሌሊት በአንዲት ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ነው። ፍሌቸርና በሪቻርድ ቤኪንሴል የተጫወተው ወጣቱ ጎድበር ብቻ ናቸው። ጎድበር የመጀመሪያ እስሩ ስለሆነ ሌሊቱ አልነጋለት ብሏል። ፍሌቸር አያባብለውም፤ ዛሬ ማታ መውጣት አሰኝቶን ሳለ ትተነው ቤት ያመሸን አድርገህ አስበው ይለዋል። ቤኪንሴል በ1979 ገና በ31 ዓመቱ ነው የሞተው፤ ስለዚህ ያንን ፊት ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ባርከር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ሣቅ ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ልጁን ላለማስደንገጥ በሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ ነው የሚናገረው። ከሠራው ሁሉ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሲያልቅ ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስለ ከርቸሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አወሩን። የጠበቅነውን አላወሩም። በእሳቸው ክፍል ማታ ማታ ተራ ነበር አሉ፤ ተራ የደረሰው እስረኛ አንድ የሚያስቅ ነገር ሳይናገር አይተኛም። አንድ የሐረር ሰው ነበር፣ ሁሉንም ጠባቂዎች በድምፃቸው የሚያስመስል። አንድ ዲያቆን ነበር፣ ቀልዱን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ጀምሮ የሚያበላሽና በዚያው የሚያስቅ። እሳቸው ተራቸው ሲደርስ የሚናገሩት እየጠፋባቸው ከቀትር በኋላ ጀምረው ያወጡ ያወርዱ እንደነበር፣ ቀኑም በዚያ ያልቅላቸው እንደነበር ነገሩን። በር ላይ የሚቆመው ዘብም ይሰማ ነበር፤ ሣቁን ለመደበቅ ሲያስል ሁላችንም እናውቅበት ነበር አሉ።

«ታዲያ እሱስ አይለሳለስላችሁም ነበር?» አልናቸው።

«ኧረ የት!» አሉ ጋሼ። «ጠዋት ፍተሻው ያው ነው። ግን የሐረሩ ሰው እሱን ሲያስመስል ቀርቦ ይሰማ ነበር።»